የሄርማታ እግሮች

ሐሙስ ቀን ሄርማታ ገበያ የገባ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ከወገብ በላይ ነው። ቡና የሞላው ጆንያ፣ የማር እንስራ፣ ቁልቁል የተንጠለጠለ ዶሮ፣ የሻጩ ፊት፣ የደላላው አፍ። እኔን ግን ከብዙ ዓመት ወዲህ አንድ ልማድ ተጣብቶኛል። ገበያ ስገባ ወደ ታች ነው የማየው። እግር አያለሁ።

ፊት ይዋሻል። ለገበያ ቀን ይታጠባል፣ ቅባት ነገር ይነካዋል፣ ዕዳውን ደብቆ ይስቃል። እግር ግን የኖረበትን ነው የሚናገረው። ተረከዙ እንደ በጋ መሬት የተሰነጣጠቀ አለ፤ ጥፍሩን እንቅፋት የነቀለው አለ። ከእነዚህ መሐል አልፎ አልፎ በጨርቅ የተሸፋፈነ፣ ከሰው ራቅ ብሎ የተቀመጠ፣ አብጦ ቅርጹን የሳተ እግር አለ። ዝሆኔ እንለዋለን። የዛሬው ወሬያችን የዚያ እግር ታሪክ ነው።

«ስለ በሽታ ልታወራ ከሆነ ከሆስፒታሉ አትጀምርም ወይ?» የሚለኝ አንባቢ ይኖራል። አልጀምርም። ይህ በሽታ ከሆስፒታል አይጀምርም፤ ሆስፒታልም አይጨርሰውም። የሚጀምረው ከማሳው፣ ከኪሱና ከገበያው ነው። ስለዚህ ከገበያው እንነሳ።

ሄርማታ ጅማ የምንላትን ከተማ ትበልጣታለች፤ በዕድሜ ማለቴ ነው። ዛሬ ስሟ በቀበሌና በሰፈር መጠሪያ ብቻ ቢቀርም፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ታላቅ ገበያ እሷ ነበረች። ዳግማዊ አባ ጅፋር (እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የነገሡት) ቤተ መንግሥታቸው ጅሬን ኮረብታ ላይ ነበር። ገበያው ደግሞ ከታች ሜዳው ላይ። ለአፄ ምኒልክ ገብረው የውስጥ አስተዳደራቸውን ስለጠበቁ፣ ዙሪያው በጦርነት ሲታመስ የሄርማታ ገበያ ደርቶ ቀጠለ። ቡናው፣ ዝባዱ፣ የዝሆን ጥርሱ፣ ማሩ፣ አሞሌው፣ ማርትሬዛው እዚያ ተገናኘ። ሰውም ይሸጥ ነበር። ይህን ዘለን ታሪክ ብናወራ ግማሽ ታሪክ ነው። ከካፋ፣ ከኩሎና ከሌላውም አገር እየተነዳ የመጣው ባሪያ በዚያው ሜዳ ላይ ዋጋ ተቆርጦለታል።

ወደ ሄርማታ የሚመጣው ሰው ሁለት ዓይነት ነበር ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም፤ በበቅሎ የሚመጣና በእግሩ የሚመጣ። በበቅሎ የሚመጣው ነጋዴና መኳንንት ነው። በእግሩ የሚመጣው ገበሬው፣ ተሸካሚው፣ ሸክላ ሠሪዋና ባሪያው ነው። መንገዱ አንድ ነው፤ ቀዩ አፈርም አንድ ነው። አፈሩ የሚነካው ግን የአንደኛውን ወገን ብቻ ነበር።

ኢጣሊያ መጣ። ጅማን በደቡብ ምዕራብ ላቋቋመው ግዛት ዋና ከተማ አድርጎ በፕላን መሠረታት። የነጩን ሠፈር ከአገሬው ሠፈር ለየ። ዛሬ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከል የምንለው ሆስፒታል የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1937 ነው፤ የተሠራውም ለኢጣሊያ ወታደሮች ማከሚያ ነበር። ይህን የማነሳው ያለፈ ቂም ለመቀስቀስ አይደለም። ጤና በአገራችን እንዴት ሆና እንደገባች ለማሳየት ነው። ጫማ ላደረገው ሰው ሆስፒታል ተሠራለት። ባዶ እግሩን የሚሄደው ግን ሆስፒታሉን በሩቁ እያየ ወደ ገበያው አለፈ።

አሁን ወደ በሽታው እንምጣ።

ዝሆኔ ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው በወባ ትንኝ መሰል ነፍሳት ንክሻ በሚተላለፍ ትል ይመጣል፤ የቆላ በሽታ ነው። የሌላኛው ምክንያት ግን ለረጅም ጊዜ አልታወቀም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ኦመን የተባለ ተመራማሪ ነገሩን ለማጣራት ሲነሳ ሆስፒታል ገብቶ ካርድ አልቆጠረም። ገበያ ለገበያ እየዞረ እግር ቆጠረ። ከ50 በላይ በሆኑ የኢትዮጵያ ገበያዎች፣ ሩብ ሚሊዮን ከሚጠጋ ገበያተኛ ከመቶው ወደ ሦስት የሚጠጋው እግሩ ያበጠ ሆኖ ተገኘ። ይህን በ1969 አሳተመው። ከመቶ ሦስት! በሽታውን ለማግኘት ወደ ገበያ መውጣት ነበረበት፤ ምክንያቱም በሽተኛው ሐኪም ቤት አይመጣም። ቢመጣስ ማን ያውቅለት ነበር?

በ1970ዎቹ ኧርነስት ፕራይስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ከዚህ ቀጠለ። በሽታው ትንኙ በማይደርስበት ደጋና ወይና ደጋ በዛ። ደም ሲመረመር ትል ጠፋ። እብጠቱ ከታፋ ወደ ታች ሳይሆን ከመርገጫው ተነስቶ ወደ ላይ ወጣ። ፕራይስ የሕመምተኛውን አገርና የአፈሩን ዓይነት ጎን ለጎን ሲያስቀምጥ ነገሩ ተገለጠለት። ከጥንት እሳተ ገሞራ የተገኘ፣ ዝናብ የሚጠግብ፣ ከፍታ ላይ ያለ ቀይ ሸክላማ አፈር ባለበት ሁሉ በሽታው አለ። ከአፈሩ ውስጥ ያለ ደቃቅ ማዕድን በባዶ እግር ቆዳ ይገባል። ቆዳ ሥር ያለውን የሊምፍ ቧንቧ ያስቆጣዋል፤ እየቆየ ይዘጋዋል። መውጫ ያጣው ፈሳሽ እግሩን ያሳብጠዋል። ፕራይስ ከግሪክኛ «እግር»ና «አቧራ» የሚሉትን ቃላት አጋብቶ ፖዶኮኒዮሲስ ብሎ ሰየመው።

እንግዲህ አስቡት። ትል የለም፣ ባክቴሪያ የለም፣ ቫይረስ የለም። የገደለው አፈር ነው ብንልም አልጨረስንም። በዚያው አፈር ላይ ጫማ አድርጎ የሚሄድ ሰው አይታመምማ! ስለዚህ የበሽታው ምክንያት ሲጠየቅ ትክክለኛው መልስ «ጫማ ማጣት» ነው። ጫማ ማጣት ደግሞ የሕክምና ቃል አይደለም፤ የኑሮ ቃል ነው።

እዚህ ላይ የራሴን ልናዘዝ። ገና ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረ ጊዜ፣ ከጅማ ወደ አጋሮ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ አንዲት እናት አጠገቤ ተቀመጡ። እግራቸው በአሮጌ ጨርቅ ተጠቅልሏል። ሽታ አለው። መስኮቱን ከፈትኩ። ትንሽ ቆይቼ፣ ከኋላ ቦታ ሲለቀቅ፣ ዕቃ የማስተካክል መስዬ ተነስቼ ሄድኩ። እሳቸው ዞር ብለው አዩኝ።

«አይጋባም ልጄ» አሉኝ። «አይጋባም።»

«ኧረ አዴ፣ እሱን ብዬ አይደለም» አልኩ። ምን ብዬ እንደሆነ ግን ሳልናገር ቀረሁ። የሚባል አልነበረኝማ።

ቃል ሲያስተምር ለኖረ ሰው ያቺ ቃል ቀላል አልነበረችም። «ይጋባል» በአማርኛችን ሁለት ነው። በሽታ ከሰው ወደ ሰው ይጋባል፤ ወንድና ሴት ይጋባሉ። ዝሆኔ የማይጋባ በሽታ ነው፤ የዝሆኔ ቤት ልጅ ግን ማንም አይጋባውም። ሽማግሌ ሲላክ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ዘሩ ንጹሕ ነው ወይ?» ነው። እናቷ ያበጠ እግር ካላት፣ ልጅቷ እግሯ እንደ ሎሚ የጠራ ቢሆንም፣ ሽማግሌው ቡናውን ጠጥቶ ይመለሳል። ዕድሩ ላይ ዳር ነው የምትቀመጠው። ልጁ ትምህርት ቤት ይሳቅበታል። በሽታው በማይጋባበት ቦታ ሁሉ ውርደቱ ይጋባል።

«ዘር ከልጓም ይስባል» ትላላችሁ። ተረቱ እዚህ ቦታ ግማሽ እውነት መሆኑን አልክድም። እ.ኤ.አ. በ2012 ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቹ በኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት ላይ ያሳተሙት ጥናት፣ አንዳንድ ሰው በውርስ ለዚህ በሽታ ይበልጥ የተጋለጠ እንደሆነ አሳይቷል። በአንድ ማሳ ላይ ባዶ እግራቸውን ከሚውሉ ሁለት ወንድማማቾች አንዱ የሚታመመው፣ ሌላው የሚድነው በዚህ ነው። ግን ልብ በሉ። ያው ተጋላጭ ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ ጫማ ቢያደርግ አይታመምም። ዘሩ በሩን ገርበብ ያደርገዋል፤ የሚያስገባው ግን ድህነት ነው። እኛ ግን ዘሩን ይዘን ልጅቷን እንቀጣለን፤ ድህነቱን ማንም ሽማግሌ ልኮ አይጠይቀውም።

ለመሆኑ የጅማ ገበሬ፣ ዓለም በየማለዳው የሚጠጣውን ቡና እያመረተ፣ ጫማ ለምን አጣ?

ታሪኩ ረጅም ነው፤ አሳጥሬ ልናገር። በንጉሡ ዘመን የቡና መሬት ብዙውን ጊዜ የባለርስቱ ነበር። ጢሰኛው ለቅሞ፣ አድርቆ፣ ተሸክሞ ሲያበቃ ሲሶውን ወይም እኩሌታውን ለባለመሬቱ ያስረክባል። በ1967 ዓ.ም. መሬት ላራሹ ሆነ። ደስታው እውነተኛ ነበር። ሆኖም ቡናውን መንግሥት በቆረጠው ዋጋ መስጠት መጣ፤ ባለርስቱ ሄዶ ኮታው ተተካ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1989 ደግሞ የዓለም የቡና ዋጋን ይደግፍ የነበረው የኮታ ስምምነት ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ ዋጋው እንደ ክረምት ወንዝ ነው። በ1997 ኒው ዮርክ ላይ ለአንድ ፓውንድ ከ3 ዶላር በላይ የደረሰው ዋጋ፣ በ2001 መጨረሻ ከ50 ሳንቲም በታች ወረደ። ኦክስፋም በ2002 ባወጣው ዘገባ የኢትዮጵያን ቡና ገበሬ ችግር ለዓለም ያሰማው ያኔ ነው።

ኒው ዮርክ 50 ሳንቲም ሲጠፋ ጎማ ወረዳ ውስጥ ምን ይሆናል? የአንድ ቤት ወጪ እንዴት እንደሚቆረጥ እናውቃለን። መጀመሪያ የሚቀረው ጫማ ነው። ቀጥሎ ሳሙና። ከዚያ ጤና ጣቢያ። ከዚያ የልጅ ደብተር። እህልና ጨው እስከ መጨረሻው ይጠበቃሉ። ስለዚህ የቡና ዋጋ ሲወድቅ ከሁሉ በፊት የሚሰማው እግር ነው ብል፣ የሥነ ጽሑፍ ሰው ስለሆንኩ ያማረኝ አነጋገር አይምሰላችሁ። የወጪ ቅደም ተከተሉ ነው እንዲህ የሚለው።

ሌላም ነገር አለ። በእኛ አገር ጭቃው የሚበረታው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። የቡና ገንዘብ የሚመጣው ግን ከጥቅምት ወዲያ ነው። ጫማ በሚያስፈልግበት ወር ኪስ ባዶ ነው፤ ኪስ ትንሽ በሚሞላበት ወር ደግሞ የክረምቱ ብድር፣ ግብርና ልብስ ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ጫማ ተራው ሳይደርሰው ገንዘቡ ያልቃል። «ድሃ በሕልሙ ቅቤ ባይጠጣ ንጣት በገደለው» ያሉት አባቶቻችን፣ የድሃ ቆዳ ለምን እንደሚነጣ ሐኪም አልጠየቁም። ያውቁት ነበር።

እግር ሲያብጥ ደግሞ ድህነቱ ተመልሶ ይመጣል። በወላይታ የተደረገና በ2006 የታተመ ጥናት እንዳሳየው አንድ የዚህ በሽታ ሕመምተኛ ከሥራ ቀኑ 45 በመቶ ያህሉን ያጣል፤ ዞኑ በጠቅላላው በዓመት ከ16 ሚሊዮን ዶላር በላይ ይከስር ነበር። በምሥራቅ ጎጃም በአነደድ ወረዳ የተካሄደውና በ2018 የታተመው ጥናት ደግሞ፣ ሕመምተኞች በዓመት ከ20 ጊዜ በላይ ትኩሳትና ቁርጥማት ባለው የእግር መቆጣት እንደሚወድቁ አሳይቷል። ቡና ለቀማ ሳምንት ላይ የወደቀ ሰው ቀዩ እሸት ዛፍ ላይ ይደርቅበታል። ያጣው ገቢ ጫማ የሚገዛበት ነበር። ጫማ ስላጣ ታመመ፤ ስለታመመ ጫማ አጣ። ክቡ ይህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የምንወደው ሥዕል ይመጣብኛል። አበበ ቢቂላ፣ በ1960 ሮም፣ ባዶ እግሩን። እኔም እንደ እናንተ እኮራበታለሁ። ግን ከዚያ ድል በኋላ ባዶ እግርን የጀግንነት ምልክት አድርገን፣ ገበሬውን በፖስት ካርድ ላይ እያየን «የአበሻ እግር ጠንካራ ነው» ማለት ለመድን። አበበ ራሱ ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ የሮጠው ጫማ አድርጎ ነበር፤ አሁንም አሸነፈ። ይህኛውን ሥዕል ግድግዳ ላይ የሰቀለ ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።

ነገሩ የእኛ ብቻ ዕጣ አይደለም። ይኸው በሽታ በአንድ ወቅት ስኮትላንድና አየርላንድም ነበር። አልጄሪያ፣ ሞሮኮና ቱኒዚያም ነበር። ማን አጠፋው? ክትባት አልተሠራም፣ ኪኒን አልተገኘም። ኑሮ ተሻሻለና ሰው ጫማ ማድረግ ጀመረ፤ በሽታው ሳይሰናበት ሄደ። ጀርመናዊው ሐኪም ሩዶልፍ ፊርኾም በ1848 በላይኛው ሲሌሲያ የገባውን ታይፈስ እንዲያጠና ሲላክ ይዞ የተመለሰው የመድኃኒት ዝርዝር አልነበረም፤ ለሕዝቡ ትምህርት፣ ሥራ፣ ፍትሐዊ ግብርና በራሱ ጉዳይ የመወሰን መብት ይሰጠው አለ። የላኩት ባለሥልጣናት አልተደሰቱም። ከ160 ዓመት በኋላ፣ በ2008፣ በሰር ማይክል ማርሞት የተመራው የዓለም ጤና ድርጅት ኮሚሽንም ዞሮ ዞሮ እዚያው ደረሰ፤ ሰው የሚታመመው በሚወለድበት፣ በሚያድግበት፣ በሚሠራበትና በሚያረጅበት ኑሮ ልክ ነው።

ጅማ ይህን ከብዙዎች ቀድማ ሰምታለች፤ ይህን መመስከር ደስ ይለኛል። በ1983 የተቋቋመው የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት፣ የዛሬው ዩኒቨርሲቲ እናት፣ ትምህርቱን ማኅበረሰብ ተኮር አደረገው። የሕክምና ተማሪው ሬሳና መጽሐፍ ብቻ ሳይሆን የቀበሌውን ምንጭና መጸዳጃ ቤት፣ የሰዉን ጓዳ እንዲያይ ወደ ሠፈሩና ወደ ገጠሩ ተላከ። ከ2003 ጀምሮ ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው ገቡ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ፖዶኮኒዮሲስን ከተዘነጉ የሐሩር ክልል በሽታዎች ተርታ አሰለፈው፤ አገራችንም በ2013 በብሔራዊ ዕቅዷ አካተተችው። ከዚያ የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ሕመምተኛውን ወደ 1.5 ሚሊዮን ገመተው። ሕክምናውም ተራ ነገር ነው። እግርን በሳሙና ማጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ ፋሻ፣ ካልሲ፣ ጫማ። ጊዜው ሳያልፍ የጀመረው ሰው እብጠቱ ይቀንስለታል፤ ሽታው ይጠፋል፤ ከሰው መሐል ተመልሶ ይቀመጣል።

«በቃ፣ ጫማ እናድላ!» የሚል ደግ ሰው ይመጣል። ያድል፣ እግዜር ይስጠው። ግን ከገበያ ዳር ተቀምጦ እግር ሲያይ የኖረ ሰው አንድ ነገር ይንገራችሁ። በማለዳ ከአጋሮ ወይም ከሰቃ መንገድ ዳር ቁሙ። ገበሬው ጫማውን በእጁ ይዞ ሲመጣ ታያላችሁ። ከተማው ጫፍ ሲደርስ ወንዝ ወርዶ እግሩን ይታጠብና ያጠልቃታል። ሲመለስም እዚያው ላይ ያወልቃታል። ጫማዋ የገበያ፣ የመስጊድ፣ የቤተ ክርስቲያንና የሠርግ ናት። ማሳ ላይ ብትገባ በአንድ ክረምት ታልቃለች፤ የምትተካበት የለም። እንግዲህ እኔ ሄርማታ ተቀምጬ «ድሮ ባዶ እግር ነበር፣ ዛሬ ሁሉም ተጫምቷል» ብዬ ደስ ሲለኝ፣ ያየሁት የሐሙስን እግር ነው። የሰኞው እግር ማሳ ውስጥ ነው፤ ከቀዩ አፈር ጋር።

አንድ ጫማ ስጦታ ነው። የሥራ ጫማና የክት ጫማ ለይቶ መያዝ፣ ሲያልቅ መተካት፣ ማታ ማታ እግር የሚታጠብበት ውኃ ደጃፍ ላይ ማግኘት ግን ገቢ ነው። እሱ የሚገኘው ከቡናው ዋጋ ነው፤ ገበሬው ከዚያ ዋጋ ላይ ከሚደርሰው ድርሻ።

አሁን ደግሞ ጊዜው ተገልብጧል። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ የቡና ዋጋ ኒው ዮርክ ላይ ለአንድ ፓውንድ ከ4 ዶላር አለፈ። አገራችን በ2017 በጀት ዓመት ከቡና ያገኘችው ከ2.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው ተባለ፤ በቴሌቪዥን ተጨበጨበ። እኔም አጨበጭባለሁ። ነገር ግን የውጭ ምንዛሪውን የሚቆጥሩ ሰዎች ጎን አንድ እግር የሚቆጥር ሰው ቢቀመጥ እወዳለሁ። ኦመን የዛሬ ስልሳ ዓመት ገደማ እንዳደረገው፣ ገበያ ለገበያ እየዞረ። ብቻ እሱ ከሐሙስ ሌላ ሰኞንም ይጨምር፤ ከገበያው ሌላ ማሳውንም።

ያቺን እናት ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም። አጋሮ ሲደርሱ ጀበና የያዘ ዘንቢላቸውን አንስተው፣ በዝግታ እያነከሱ ወረዱ። ቡና አፍልተው የሚሸጡ ይመስለኛል። አጋሮ ያለ ሰው አቦሉንም ቶናውንም በረካውንም ከእጃቸው ጠጥቶ ይሆናል። ቡናውን ስንቀበል ያላየነውን እግር፣ መንገድ ላይ ስናየው ሸሸነው።

አይጋባም ነበር ያሉኝ። ዛሬ ቢሆን ኖሮ ቦታዬን አልለቅም ነበር ብዬ ለራሴ እነግረዋለሁ። እርግጠኛ ለመሆን ግን እንደገና ያንን መንገድ በሚኒባስ መሄድ ሳይኖርብኝ አይቀርም።